ሀዋሳን ለቅቄ አዲስ አበባ ልገባ ነው፣ የት ሰፈር ልከራይ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ አምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ግራ ስለገባኝ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ አካውንታንት ነኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት ሀዋሳ ነው። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ መስሪያ ቤት ተወዳድሬ አለፍኩና ነሐሴ 1 ስራ ጀምሪ ብለውኛል። ደሞዙ ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 29,000 ብር ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፣ ዝውውር እስኪያገኝ እዚሁ ይቆያል፣ አርብ አርብ እየመጣ ነው የሚያየን። 7 ዓመት የሆናት ልጅ አለችን፣ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች፣ ከኔ ጋር ነው የምትሆነው።

ችግሬ ሰፈር መምረጥ ነው። አክስቴ አያት ነው የምትኖረው፣ እሷ "እዚሁ አጠገቤ ነይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ20,000 አግኝቼልሻለሁ" ትለኛለች፣ አራተኛ ፎቅ ነው። የባለቤቴ ጓደኛ ደግሞ ጀሞ ባለ አንድ መኝታ 15,000 አለ ይላል። አዲሱ መስሪያ ቤት የምትሰራ አንዲት ልጅ ደሞ ልደታ ስቱዲዮ በ18,000 ያዢ በእግርሽ ትመላለሻለሽ አለችኝ። አንድ ደላላ በቴሌግራም ፎቶ ልኮልኝ ቶሎ ቀብድ ካልላክሽ ይወሰድብሻል እያለኝ ነው። እኔ እዚህ ከቤቴ ስራዬ በባጃጅ 10 ደቂቃ ነው፣ ምሳዬን እንኳን ቤቴ ገብቼ ነው የምበላው፣ ስለዚህ ርቀት የሚባለውን ነገር እውነት ለመናገር መገመት አልቻልኩም። የቱ ይሻለኛል?

ከሀዋሳ

መልስ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። መጀመሪያ ለደላላው ምንም ብር እንዳትልኪ፣ አምስት ሳንቲም። በፎቶ የታየ ቤት አልታየም። ፎቶው ላይ ያለው ቤት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ወይ ከሁለት ዓመት በፊት ቀለም ሲቀባ የተነሳ ነው፣ ደግሞም አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ካልተያዘ ነገ የማይገኝ ቤት የለም፣ ደላላ ነው እንደዛ የሚለው። እሱን ዝጊው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኪራዩን ነግረሽኛል፣ ፎቁን ነግረሽኛል፣ የክፍሉን ብዛት ነግረሽኛል፣ አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም፣ ልጅሽን ከትምህርት ቤት ማን ነው የሚቀበላት? ትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይለቃል፣ አንቺ ከቢሮ የምትወጪው 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ከዛ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ አለ። እንዳለሽበት ሰፈር 12 ሰዓትም ሊሆን ይችላል 1 ሰዓት ተኩልም ሊሆን ይችላል ቤት የምትገቢው። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ቤት የምትመርጠው በመኝታ ክፍል ብዛት ሳይሆን በዚህ መሃል ባለው ሰዓት ነው።

እኔ ይሄንን የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከደብረ ብርሃን ስመጣ ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። ሴራሚክ ያለው ቤት፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ሰፊ ሳሎን አይቼ ዓይኔ ተሳበና ከስራዬ ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ተከራየሁ። ምን ችግር አለ ሁለት ታክሲ ብዬ። አንድ ቀን ዝናብ ጣለና የመጀመሪያውን ታክሲ ብቻ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ስደርስ መሽቷል፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጄ ከዘበኛው ጋር አንዲት ዱካ ላይ ለሁለት ተቀምጠው ከዘበኛው ኪስ ቆሎ እያወጡ ይበላሉ። ልጄ አላለቀሰም፣ ጭራሽ "እማ ቆሎ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ዘበኛው ምንም አላሉም፣ ጃንጥላቸውን ሰጡኝ ብቻ። ያን ሰፊ ሳሎን ከዛ በኋላ ወደድኩት ብልሽ ውሸት ነው።

ስለዚህ አክስትሽን ዛሬውኑ ደውለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው። "አጠገቤ ነይ" ማለትና "ልጅሽን በየቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እቀበላለሁ" ማለት አንድ አይደለም። ዘመድ ነው፣ ያደርግልኛል እየተባለ ነው ስንት ሰው የተቀያየመው። ጤናቸው እንዴት ነው? ቤት ውስጥ ናቸው ወይስ ይሰራሉ? ክረምት ጭቃ ላይ መውጣት ይችላሉ? እቀበላታለሁ ካሉሽ፣ ልቤን ልንገርሽ፣ አያት ያሸንፋል፣ መንገዱ ረጅም ቢሆንም። መንገዱ አንቺን ነው የሚያደክመው፣ ልጅቷ ግን ሰው አላት።

መንገዱን ደግሞ ሳታስቢው እንዳትገቢበት። ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ነው የሚሄደው፣ መስመሩ በጠቅላላው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ላንቺ ታክሲ ሳትቀያይሪ አንዴ ተሳፍረሽ ሜክሲኮ ትወርጃለሽ ማለት ነው። በ2008 ባቡሩ ስራ ሲጀምር ሀዲዱን ብቻ እያዩ ቤት የተከራዩ ጓደኞች ነበሩኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ጥቅጥቅ ይላል፣ ለመግባትም ጉልበት ይጠይቃል፣ ሁለትና ሶስት ባቡር የምታሳልፊበት ቀን አለ። ባቡር አለ ብለሽ ከቤት በሰዓቱ ለመውጣት ሳይሆን ቀደም ብለሽ ለመውጣት ተዘጋጂ። አማራጭ ታክሲው አያት መገናኛ፣ መገናኛ ሜክሲኮ ነው፣ መገናኛ ላይ ማታ ያለውን ሰልፍ ስታይው ይገባሻል።

አራተኛ ፎቅ ያልሽው ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም፣ ያ ራሱ ችግር አይደለም፣ ወጣት ነሽ። ችግሩ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በሚመጣበት ቀን ራሱ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ላይደርስ ይችላል፣ ያኔ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ነው። ስለዚህ አከራዩን ሳይሆን እዛው ደረጃ ላይ ያገኘሻትን ጎረቤት ጠይቂ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው፣ የመጣው ውሃ እናንተ ጋ ይደርሳል ወይ፣ ሮቶ አለ ወይ ብለሽ። አከራይ "ውሃ ችግር የለም" ይልሻል፣ ጎረቤት ግን እውነቱን ይነግርሻል፣ እንደውም ከጠየቅሻት በላይ ትነግርሻለች። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ከተገኘ ትንሽ ቢጨመርበትም ይሻላል።

20,000 ግን ከ29,000 ላይ ሲነሳ 9,000 ነው የሚቀርሽ፣ እህቴ በዚህ ላይ ትራንስፖርት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አስቤዛ። ባለቤትሽ ስንት እንደሚያዋጣ አልነገርሽኝም ግን ባለ ሁለት መኝታው ለማን ነው? አንቺና ልጅሽ በአንድ መኝታ ትኖራላችሁ፣ አክስትሽ እዛው አያት ባለ አንድ መኝታ ይፈልጉልሽ። ደላላ ሲፈልጉ ደግሞ ይጠንቀቁ፣ "አያት ነው፣ አያት አጠገብ ነው" ተብሎ ለገጣፎ የሚወስዱ አሉ። ለገጣፎ ቆንጆ ሰፈር ነው ምንም አልልም፣ ግን ሸገር ከተማ ስር ነው፣ ኦሮሚያ ክልል ነው፣ መታወቂያሽም የሚወጣው ከዛ ነው፣ የመንግስት ትምህርት ቤቱም በአብዛኛው የሚያስተምረው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ልጅሽ ቋንቋውን ካልቻለች አንደኛ ክፍል ላይ ትቸገራለች። ቤቱ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠየቅ።

አክስትሽ "አይ ልጄ እኔ እንኳን አልችልም" ካሉ ግን አያትን እርሺው፣ ያለ ምንም ምክንያት በየቀኑ ከተማውን አቋርጠሽ አትመላለሺ። ያኔ የልደታው ስቱዲዮ ነው የሚሻልሽ። ጠባብ ነው፣ አልጋውና ምድጃው ይተያያሉ፣ ባለቤትሽ አርብ ሲመጣ ሶስት ሆናችሁ ትጨናነቃላችሁ። ግን ከልደታ ሜክሲኮ በእግር 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ትምህርት ቤቱን በዛው መስመር ላይ ከፈለግሽ ጠዋት ራስሽ አድርሰሻት ታልፊያለሽ፣ ማታም 12 ሰዓት ሳይሆን ትደርሻለሽ። ለቀሪዋ ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤቶች የማስጠኛ ክፍል አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከሌላቸው እዛው ግቢ ያለች አንዲት እናት በወር የሆነ ነገር እየከፈልሻት ከልጆቿ ጋር ታመጣልሻለች። የታክሲውን ብር ለሷ ከፈልሽ ማለት ነው።

ጀሞን ብዙም አላየሁልሽም። ከጀሞ ሜክሲኮ ቀጥታ ታክሲ አለ፣ ኪራዩም ከሶስቱ ርካሹ ነው፣ ግን እዛ ማንም የለሽም፣ ጠዋትም ሰልፍ አለ። ሰውም የለም ቅርብም አይደለም፣ ታዲያ ምን ልትሰሪ?

ማንም ያልነገረሽ አንድ አቅጣጫ ልጨምርልሽ፣ ሳሪስ። ባለቤትሽ አርብ ከሀዋሳ ሲመጣ የሚገባው በቃሊቲ በኩል ነው፣ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደክሞ ከቃሊቲ እንደገና አያት ድረስ ማታ ላይ ታክሲ ሲያሳድድ አስቢው፣ እሁድም ሲመለስ እንደዛው። ሳሪስ ከሆንሽ ግን መንገዱ ላይ ነሽ፣ የቃሊቲው ባቡርም በሳሪስ አድርጎ ሜክሲኮ ያልፋል። ለልጅቷ ሰው ካገኘሽ ኪራዩን አጠያይቂ፣ እኔ ብሆን አየው ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር አድርጊ። ነሐሴ 1 ስትመጪ ብቻሽን ነይ፣ ልጅሽ ክረምቱን እዛው አባቷ ጋ ትክረም፣ ትምህርት እስኪጀመር አንድ ወር አለሽ። አክስትሽ ጋ እረፊ። ከዛ ስራ ስትገቢና ስትወጪ ሰልፉን ራስሽ ቅመሽው፣ አንድ ቀን ከአያት፣ አንድ ቀን ማታ ወደ ሳሪስ፣ አንድ ቀን በእግርሽ ልደታ ድረስ፣ ነሐሴ ነውና ዝናቡም ጭቃውም ሳይደበቅ ይታይሻል። ቤት እሁድ ከሰዓት በጸሐይ አይታይም፣ እሁድ ሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው።

ቤት ስታዪ አከራዩ አንቺንም ይጠይቅሻል፣ ልጅ አለሽ ወይ፣ እንግዳ ይበዛብሻል ወይ፣ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ። ባል አርብ አርብ እንደሚመጣ ያኔውኑ ተናገሪ፣ በኋላ "ማነው ይሄ ሰውዬ" እንዳይመጣ። ግቢ ውስጥ አከራይ ያለበት ቤት ከሆነ በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ልብስ ማጠብ በሳምንት ስንቴ እንደሚፈቀድ፣ መብራቱ የጋራ ቆጣሪ ከሆነ እንዴት እንደሚካፈል ጠይቂ፣ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን በየወሩ የሚያጣላው እሱ ነው።

ውሉን በወረቀት አድርጊ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሁፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ነው የሚለው፣ ትንሹ የውል ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ነው የሚከፈለው። ስድስት ወር ካልከፈልሽ የሚል ካለ ይሄንን በትህትና አንሺለት፣ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ቤት እይ። ሁለት ዓመቱ ላንቺ ጥሩ ነው፣ ልጅቷ አንደኛም ሁለተኛም ክፍል አንድ ቦታ ትጨርሳለች። ከሀዋሳ ሳትወጪ ደሞ ከቀበሌሽ መሸኛ፣ ከልጅሽ ትምህርት ቤት ካርዷንና መልቀቂያዋን ያዢ፣ ለሱ ብለሽ ተመልሰሽ እንዳትሄጂ።

አክስትሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦

እትዬ ሰላም ነው? ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ያለ ፋብሪካ ተቀጠርኩ፣ ወንደላጤ ነኝ፣ አዲስ አበባ ሰሚት እህቴ ጋ እየኖርኩ ልመላለስ ወይስ ቢሾፍቱ ቤት ልከራይ? ጓደኞቼ አዲስ አበባን አትልቀቅ ይሉኛል።

መልስ፦

ጓደኞችህ አዲስ አበባን አትልቀቅ የሚሉህ ቅዳሜ ማታ እንዳታመልጣቸው ነው እንጂ ሰኞ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ማን አብሮህ ይነሳል? ወንድሜ መጀመሪያ ፋብሪካውን ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ካለስ የት የት ነው የሚያነሳው። ሰርቪሱ ሰሚት አካባቢ የሚያልፍ ከሆነ እህትህ ጋ ሆነህ ጥቂት ወር ብር ብታጠራቅም አይከፋም። ቃሊቲ ድረስ ራስህ ና ካሉህ ግን አስበው። ሁለተኛ ሺፍት አለው ወይ። የማታ ሺፍት ካለ ከስራ ስትወጣ ወደ አዲስ አበባ ምን ትይዛለህ?

ቢሾፍቱ ከዱከም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዱከም ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ጠዋት የሚያልፍ መኪና አለ፣ ስትመለስም ከተማ አለህ፣ ሀይቅ አለህ፣ ምግብ ቤት አለህ። ዱከም ራሱ ቅርብ ነው ግን ዋናው መንገድ ዳር ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መኪና ድምጽ ነው፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ክፍል ካገኘህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የሙከራ ጊዜህ እስኪያልቅ፣ እሱን ያዝ። ፍራሽና አንድ ምድጃ ይዘህ ግባ፣ ሶፋ እንዳትገዛ።