የቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ከሴሚስተሩ ጋር ያልቃል፤ ክረምቱን ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ መሃል ከተማ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከጥቅምት ጀምሮ በግቢያችን ቤተ መጻሕፍት፣ መጽሐፍ ማዋሻው ላይ በሳምንት 16 ሰዓት በጊዜያዊነት እሠራለሁ። የሚከፈለኝ በሰዓት ነው። ሥራው ሰኔ ላይ ያበቃል ተብያለሁ። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። እዚሁ ቆይቼ ልሥራ ወይስ ልሂድ? ይህ ሥራስ ለወደፊቱ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመቆየትም ሆነ ለመሄድ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቀን ያዢ፤ ሰኔ 30። የመንግሥት የበጀት ዓመት በዚያ ቀን ይዘጋል። የሠራሽበት ሰዓት ተፈርሞ የክፍያ ጥያቄው ፋይናንስ ካልደረሰ፣ ገንዘብሽ ወደ አዲሱ ዓመት ተሻግሮ ሊጓተት ይችላል። የሰዓት ክፍያ እንደ ቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ በራሱ ጊዜ አይመጣም፤ በየወሩ አንድ ሰው ወረቀቱን ማዘጋጀት፣ ኃላፊ መፈረም አለበት። ስለዚህ የመጨረሻውን ፈረቃ በሠራሽ ማግስት የሰኔን የሰዓት መመዝገቢያ አስፈርሚ፤ ከማስረከብሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ለጓደኛ የሸፈንሽው ፈረቃ በእሷ ስም ተመዝግቦ እንዳይቀር ቀን በቀን አመሳክሪ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም አሁኑኑ ጠይቂ። ተማሪዎች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ክረምት ሲገባ ኃላፊዎች የዓመት እረፍት ይወጣሉ፤ ፈራሚው ከሌለ ደብዳቤው እስከ መስከረም ይቆያል። ማመልከቻሽን በጽሑፍ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አስገቢ፤ ከተፈረመ በኋላ ከመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ወጥቶለት ማኅተም ማረፉን ሳታዪ አትውጪ። ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማኅተም) ብቻ ያረፈበትን ደብዳቤ ቀጣሪ አይቀበልም። «በጊዜያዊነት አገልግላለች» የሚል አንድ መስመርም አይበቃም። ማመልከቻሽ ላይ ራስሽ እንዲህ ብለሽ አርቅቂው፦ «መጻሕፍት በማዋስና በመመለስ፣ መደርደሪያ በማስተካከል፣ ከጥቅምት 5 እስከ ሰኔ 20፣ በሳምንት 16 ሰዓት፣ በሰዓት ይህን ያህል ብር እየተከፈላት»። ዓመተ ምሕረቱን አትርሺ።

የክፍያው መጠን እንዲጠቀስ የምልሽ በምክንያት ነው። ብዙ የሥራ ማስታወቂያ «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» ይላል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ገቢ ግብር አይቆረጥበትም። ክፍያሽ ከዚያ በታች ከሆነ፣ ያልተቆረጠው በሕግ ነፃ ስለሆነ መሆኑን የምታስረጂው መጠኑ ሲጻፍ ብቻ ነው።

ይጠቅመኛል ወይ ላልሽው፦ «2 ዓመት ልምድ» ለሚል ማስታወቂያ ብዙም አይረዳሽም፤ አብዛኛው ቀጣሪ የሚቆጥረው ከምረቃ በኋላ ያለውን ነው። የሚጠቅምሽ «0 ዓመት» በሚለው ውድድር ላይ ነው። እዚያ ሁሉም እኩል ዲግሪ ይዞ ይቀርባል፤ አንቺ ግን ሥራሽን የሚያውቅ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚመሰክርልሽ አለቃ ይኖርሻል። የኃላፊሽን ስልክ በምስክርነት ለመስጠት ፈቃዳቸውን ጠይቂ።

አሁን ወደ ክረምቱ። መጀመሪያ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯን፣ «ዶርም ክረምት ክፍት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከተዘጋ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ታክሲ ደምረሽ ከ16 ሰዓቱ ክፍያ ጋር አስተያዪው። ካልሸፈነልሽ ደሴ ሂጂ፤ ተበድሮ መሥራት ሥራ አይደለም። ዶርሙ ክፍት ከሆነ ግን ለኃላፊሽ «ክረምት ሥራ አለ?» አትበያቸው፤ «የለም» ማለት ይቀላል። «የመጻሕፍት ቆጠራ ካለ፣ ከመደርደሪያው የተዛነፉትን ወደ ቦታቸው ለመመለስም እኔን ያስቡኝ» በያቸው። ከሐምሌ 1 በኋላ የሚከፈለው ከአዲሱ በጀት ስለሆነ አዲስ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። «ጀምሪ፣ ደብዳቤው ይደርሳል» ቢሉሽ በትሕትና ጠብቂ፤ ያለ ደብዳቤ ለሠራሽው ሰዓት ፋይናንስ የሚከፍልበት መነሻ የለውም።

ግቢው ካልሆነ የግል ትምህርት ቤቶችን ዞረሽ ጠይቂ፤ ሐምሌና ነሐሴ ምዝገባ ስለሚበዛባቸው ጸሐፊና መዝጋቢ ይፈልጋሉ። መጻሕፍት መደብሮችም ለመስከረም ሲዘጋጁ እጅ ያንሳቸዋል። እነዚህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚተዳደሩ ውሉ ሲቋረጥ ክፍያሽ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊሰጥሽ፣ የሥራ ምስክር ወረቀትሽም በነፃ ሊጻፍልሽ ይገባል። «ለፎርም» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ግን አትክፈዪ።

በመጨረሻው ፈረቃሽ ቁልፉን በፊርማ አስረክቢ፤ በማዋሻው ኮምፒውተር የምትገቢበት ስምም እንዲዘጋ ጠይቂ። ከሄድሽ በኋላ በዚያ ስም የወጣ መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ክሊራንስ ላይ (ከግቢው ስትወጪ ዕዳ እንደሌለብሽ ሲጣራ) የምትጠየቂው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።