ተረቱ ውስጥ ያለው ንቀት፦ የሐዋሳ ወላጆች ስለ ልጆች መጻሕፍት ያቀረቧቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ሰውን ስለሚያዋርዱ ሥዕሎችና ተረቶች በንባብ ክፍላችን በተካሄደው የወላጆች ውይይት ላይ ሰዓቱ አልበቃ ብሎ ብዙ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። በወረቀት ጽፋችሁ የተዋችሁልኝን እዚህ እመልሳለሁ። ስማችሁን ትቼዋለሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ አሁን ሥራዬ ለልጆች መጽሐፍ መምረጥ ነው። ለፈረንጅ መጽሐፍ የምናሳየውን ቁጣ ግማሹን እንኳ ለራሳችን ተረት ብናውለው ደስ ባለኝ፤ መልሶቼ ላይ ይህ ስሜት ከታያችሁ ሆን ብዬ ነው።

ጥያቄ (የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ታቦር)፦ ጋሼ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ተውሶ ባመጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ አፍሪካውያን ሣር አገልድመው፣ ከንፈራቸው ከፊታቸው ገዝፎ ተስለዋል። እሱ ይስቃል፤ እኔን ግን ከፋኝ። ወዲያው ልመልሰው?

መጀመሪያ አብረው ያንብቡት፣ ከዚያ ይመልሱት። ሲያነቡ ልጁን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ስም ያለው ማን ነው? የሚናገረው ማን ነው? ችግሩን የሚፈታው ማን ነው? እንዲህ ባለው መጽሐፍ ስም ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣው ልጅ ብቻ ነው። የአገሬው ሰው ሸክም ይሸከማል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ይደነቃል። ልጆች ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ሳቁ ይቆምና «ይሄ ሰውዬ ስሙ ማነው?» ይላሉ። ከማንኛውም ምክር የሚሻለው ያ ጥያቄ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚደርሱም ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹም ውጭ አገር ከመደርደሪያ የተነሱ አሮጌ እትሞች ናቸው። ሐዋሳ ከእርዳታ መጽሐፍ ብዙ ተጠቅማለች። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ ከተባለው ድርጅት የመጣው፣ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት በከተማችን ሲዞር ልጆች ከኋላው ይሮጡ እንደነበር የምናስታውስ ብዙ ነን። ስጦታ ነው ብሎ ሳይመርጡ መደርደር ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ (አባት፣ መናኸሪያ)፦ እኛም ይህንኑ እያነበብን አድገናል። ምን ሆንን?

ወንድሜ፣ ምን እንደሆንን እስኪ ልጆቹን ታሪክ ጻፉ ብለው ይዩት። የሐዋሳ ልጅ፣ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ጆን የሚባል ልጅ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ይጽፍልዎታል። ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ አዲቺ በልጅነቷ የጻፈቻቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ ነጮችና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው እንደነበሩ፣ በረዶ ላይ እየተጫወቱ ፖም ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2009 ባደረገችው ንግግር ተናግራለች። በረዶ አይታ አታውቅም ነበር። ያነበበችው ግን ያንን ነበር።

ከዚያ የሚከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው «ጥሩው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ ነጩን መረጡ። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየትን ሕገ ወጥ ባለበት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል። እነዚያን ሕፃናት «ነጭ ይበልጣል» ብሎ ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም።

ጥያቄ (የባንክ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት)፦ አሜሪካ ውስጥ የዶክተር ስዩስ መጻሕፍት ታገዱ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛም እናግድ እያሉ ነው?

አልታገዱም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የደራሲውን ሥራዎች የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ ስድስት መጻሕፍትን ከእንግዲህ አላሳትምም አለ፤ አፍሪካውያንና እስያውያን የተሳሉበት መንገድ ያዋርዳል በሚል። ሌሎቹ ብዙ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። መንግሥት ያወጣው ትእዛዝ የለም። በተቃራኒው ብራስልስ ውስጥ አንድ ኮንጎያዊ ቲንቲን የተባለው የሥዕል መጽሐፍ ጀግና ወደ ኮንጎ የሚጓዝበትን መጽሐፍ ለማሳገድ እ.ኤ.አ. በ2007 አቤት ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2012 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። መጽሐፉ አሁንም አለ።

እኔ ማገድ አልወድም። የተከለከለ መጽሐፍ በስውር ይነበባል፤ በስውር ሲነበብ ደግሞ አጠገቡ ሆኖ የሚያስረዳ ሰው አይኖርም። የትኛው መደርደሪያ ላይ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ ከማን ጋር የሚለውን መወሰን ግን የእኛ የአዋቂዎች ሥራ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ገበያ አካባቢ)፦ ልጄ ያነበበችው የአማርኛ ተረት ውስጥ ሸክላ ሠሪዋ ሴት ሌሊት ጅብ ትሆናለች። የእኔ እናት ሸክላ ትሠራለች። ልጄ ማታ «አያቴም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ተረቱ ከሰማይ አልወረደም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያለ ሲያገል የኖረ ማኅበረሰብ የፈጠረው ነው። ማረሻውን ከእነርሱ ይገዛል፣ በምጣዳቸው ይጋግራል፣ በሸማቸው ያጌጣል፤ ልጁን ግን አይድርላቸውም። እዚሁ በሲዳማም ሸክላ የሚሠሩት ሃዲቾዎች በዚሁ ዓይን ሲታዩ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን በባለ ቀለም ሥዕል ታትሞ የልጅዎ እጅ ገብቷል።

ልጅዎን «ውሸት ነው» ብለው ብቻ አይለፏት፤ ወደ አያቷ ይውሰዷት። ጭቃው ተቦክቶ እንዴት እንደሚታሽ ትይ። ያለ ማሽከርከሪያ፣ በእጅ፣ የጀበናው ሆድ እንዴት ክብ እንደሚሆን፣ አንገቱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ጆሮውና አፉ ለብቻ ተሠርተው ሳይሰነጠቁ እንዴት እንደሚገጠሙ ትይ። ጥላ ውስጥ ካልደረቀ እሳት ላይ ሲወጣ እንደሚፈነዳ፣ አዲስ ምጣድም በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራ እንደሚይዝ አያቷ ትንገራት። ከዚያ ያየችውን ትጻፍ፣ ትሣል። የሠራችውን ካመጣችልኝ ጠርዤ እመደርደሪያው ላይ አኖረዋለሁ፤ ከዚያ ተረት በፊት እንዲነበብም አደርጋለሁ።

ተረቱን ለትንንሾቹ አላውሰውም። ከሰባተኛ ክፍል በላይ ላሉት ግን ከአዋጁ ታሪክ ጋር አብሬ አስነብባለሁ፤ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል። ለአሳታሚውም ገጹን ጠቅሰው ይጻፉ፤ እኔም እፈርማለሁ።

ጥያቄ (ስሟን ያልጻፈች)፦ እኔ የእንጀራ እናት ነኝ። ስለ እኛ ምን ይላሉ?

እህቴ፣ ተረት ውስጥ ከጅብ ቀጥሎ ስሙ የጠፋ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት። ጅብ ቢሰደብ ቅር አይለውም፤ እርስዎ ግን ከልጁ ጋር አንድ መሶብ ይቀርባሉ። ተረቱን አይሽሹት። ራስዎ ያንብቡለትና «ይህቺ ሴትዮ ለምን ክፉ ሆነች?» ብለው ይጠይቁት። የሚሰጥዎት መልስ ስለ ተረቱ ሳይሆን ስለ ቤታችሁ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሳይቆጡ ያዳምጡት። ተረት የሚናገሩ አያት ካሉም የእንጀራ እናቷን ከልጅቱ ወገን አድርገው አንድ ጊዜ እንዲተርቱ ይለምኗቸው። የእኛ አያቶች ተረት መቀየር ያውቁበታል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የተረቱበት ጊዜ የለም።

ጥያቄ (አባት፣ ሐይቅ ዳር)፦ መጽሐፍ ውስጥ የደቡብ ሰው በተሳለ ቁጥር ይጨፍራል። ሌላ ሥራ የለንም?

ልክ ነዎት፤ ይህን ሐዋሳ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመሐል አገሩ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ሐኪምና ዳኛ ሲሆን የእኛ ሰው ትከሻውን ይመታል። ጭፈራው የሚያሳፍር አይደለም፤ ጉዱማሌ ላይ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ያየ ያውቀዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል። ግን ያንኑ በዓል ተመልከቱ፦ ቀኑን የሚወስኑት አያንቶዎች ናቸው፤ የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተከታትለው፣ መርምረው። ሠዓሊው ጭፈራውን ያያል፤ ሰማዩን የሚያነበውን ሽማግሌ አያይም። እውቀቱ ተትቶ ጌጡ ብቻ ሲወሰድ፣ በፍቅር የተሠራ ሥዕል እንኳ ንቀት ይሆናል። አሞራ ገደል ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ፣ ቡና አጣቢዋ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ነርሷ ሁሉ ይሣሉ።

ጥያቄ (እናት)፦ መጽሐፍ ውስጥ እናት ሁልጊዜ ወጥ ቤት ናት።

ናት። መጽሐፍ ሲገዙ አባትየው አንድ ሰሐን እንኳ ሲያነሳ ካዩ ይግዙት።

ጥያቄ (የልዩ ፍላጎት መምህርት)፦ ዓይነ ስውር በተረት ሁልጊዜ ለማኝ ወይም ጠንቋይ ነው። ክፍሌ ውስጥ ማየት የተሳነው ተማሪ አለ።

ለእርሱም ለክፍል ጓደኞቹም የየትነበርሽ ንጉሤን ታሪክ ይንገሯቸው። በልጅነቷ ዓይኗን ያጣች የሕግ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ናት። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በተረት ለማኝ የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ ጀግና ከሆነ ልጁ አሁንም ተራ ሰው መሆን አልተፈቀደለትም። ዓይነ ስውሩ ልጅ የሚሰርቅበት፣ የሚቀልድበት፣ የሚቀጣበት ታሪክም ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ ስፈልግ ብዙ ደክሜያለሁ።

ጥያቄ (አባት፣ አዲስ ከተማ)፦ መጥፎውን ገጽ በወረቀት ሸፍነን ብንለጥፍበት? ወይስ ቃሉን ቀይረን ብናባዛ?

የራስዎ ቅጂ ላይ የሚያደርጉት የራስዎ ነው። ቀይሮ ማባዛት ግን አይቻልም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብት ይሰጠዋል፤ የማባዛት መብቱም በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው።

ሕጉን ትተን ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ደራሲው ራሱ ሲያርም ደስ ይለኛል። ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የቸኮሌት ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ሠራተኞቹ ከአፍሪካ ጫካ የመጡ ጥቁር ድንኮች ነበሩ፤ ወቀሳ ሲበዛበት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ራሱ ቀየራቸው። ከሞተ በኋላ በ2023 አሳታሚው ሌሎች ቃላቱን ሲለዋውጥ ግን ጩኸት ተነሳ፤ አሳታሚውም ቀድሞ የነበረውን እትም አብሮ ለመሸጥ ተገደደ። እኔም ከጮኹት ጋር ነኝ። የሞተ ሰው ስህተቱን አይከራከርም፤ ስህተቱ የእርሱ እንደሆነ ልጆች ይወቁት። ከመለጠፍ ይልቅ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጥያቄ ይጻፉበት።

ጥያቄ (እናት፣ ምሥራቅ)፦ ለትምህርት ቤቱ ልናገር ብል «ነገረኛ ወላጅ» እባላለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ወደ ርእሰ መምህሩ አይሂዱ፤ መጀመሪያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። በቃል ሳይሆን መጽሐፉን ከፍተው፣ ገጹን አሳይተው። «ይወገድልኝ» አይበሉ፤ «ወደ ትልልቆቹ መደርደሪያ ይዛወር፣ መምህሯም ስታስነብብ ትወያይበት» ይበሉ። መጽሐፍ ይወገድልኝ ያለ ወላጅ ብዙ ጊዜ ክርክር ይገጥመዋል፤ ይዛወር ያለ ሰው ግን ሻይ ይጋበዛል።

ጥያቄ (አያት)፦ የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ይገባዋል?

እማማ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ማን ቀይ፣ ማን ጥቁር፣ ማን ጠጉሯ ለስላሳ እንደሆነ ያለ ማንም አስተማሪ ለይቷል። እርስዎ ዝም ካሉ መልሱን ከመንገድ ያመጣዋል። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ጥያቄ (ብዙ ወላጆች)፦ ታዲያ የትኛውን እናስነብብ?

ለትንንሾቹ የቀጭኔዋን የፀሐይን ታሪኮች፤ በቴሌቪዥን የምታውቋት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ናት። ከዚያ በላይ ስም እየጠራሁ መዘርዘር አልፈልግም፤ የልጁን ዕድሜና ቋንቋ ሳላውቅ ዋጋ የለውም። በሲዳምኛ የተጻፈ ስትጠይቁኝ ያለኝን ሁሉ አሳያችኋለሁ፤ መደርደሪያው አጭር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ክፍት ነው። ልጁን ይዛችሁ ኑ፣ ራሱ ይምረጥ። ያሳሰባችሁ ገጽ ካለም ምልክት አድርጋችሁ መጽሐፉን ራሱን አምጡልኝ፤ በስልክ ከተነሳ አንድ ሥዕል ተነስቼ መፍረድ አልወድም።