መልስ፦ ሙገር ሲሚንቶ በ1976 ነው ወይስ በ1984 ሥራ የጀመረው?

ሁለቱም ልክ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1976፣ በፈረንጆቹ 1984 ነው። ስለ ፋብሪካው ስትጽፍ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት እንዳትረሳ።

አዲስ አበባ አጠገብ፣ ቡራዩ፣ ታጠቅ ጋ የምታየው የሙገር ፋብሪካ ግን ያኔ የተተከለው አይደለም። ድርጅቱ ኋላ ላይ ሲስፋፋ የመጣ ነው። ዋናው ፋብሪካ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያን ያህል የራቀው የኖራ ድንጋዩ እዚያ ስላለ ነው። ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ በ1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቃጠል ክሊንከር የሚባል ጠንካራ ጓል ይሆናል። ክሊንከሩ ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ደግሞ ሲሚንቶ። ይህን ክፍል ሰፋ አድርገህ ጻፈው፤ ፋብሪካው የት እንደሚቆም የሚወስነው ድንጋዩ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የሰፈር ሽማግሌዎችን ስትጠይቅ «ሙገር የአገራችን የመጀመሪያው ነው» የሚሉህ አይጠፉም፣ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይቀድመዋል፤ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።