ኢንዛይሙ በረታ ከማለታችሁ በፊት

ጂንን ያለ ቫይረስ ወደ ሕዋስ በማስገባት ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፦

ጂን ቆርጦ የሚተክለውን ኢንዛይም፣ ትራንስፖዜዝን፣ ለማበርታት ስትሮጡ መለኪያውን አትርሱ። ስሊፒንግ ቢዩቲ የተባለውን ውሰዱ። ይህ ትራንስፖዜዝ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራው በሳልሞን ዘመድ ዓሦች ጂኖም ውስጥ ሞተው የቀሩ ቅጂዎችን በማስተያየት ነው። ጂኑን ከፕላስሚድ (ጂን ከሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ቆርጦ ክሮሞዞም ላይ «ቲኤ» የተባሉ ሁለት የዲኤንኤ ፊደላት ባሉበት ቦታ ይተክለዋል። በ2009 የወጣው የተሻሻለ ዓይነቱ ኤስቢ100ኤክስ ከመጀመሪያው 100 እጥፍ ያህል ይሠራል። ይህ የተገኘው ከአንድ ተአምረኛ ለውጥ ሳይሆን፣ ትንሽ ትንሽ የሚረዱ የአሚኖ አሲድ ለውጦችን እያዳቀሉ በሕዋስ ውስጥ በማጣራት ነው። ሁለት ጥሩ ለውጦች ሲገናኙ ሊጣሉ ስለሚችሉ፣ ደምራችሁ አትተንብዩ።

ለመለካት በላብራቶሪ የሚራባው የሰው ሄላ ሕዋስ ይበቃል። ጂ418 የተባለውን ሕዋስ ገዳይ መድኃኒት የሚያስቋቁም ጂን ያለበትን ፕላስሚድ 500 ናኖግራም ላይ አጽኑት። የትራንስፖዜዙን ፕላስሚድ በ5፣ 25፣ 50፣ 100 እና 500 ናኖግራም ሞክሩ፤ አጠቃላዩ ዲኤንኤ እኩል እንዲሆን ጉድለቱን በባዶ ፕላስሚድ ሙሉ። ከ2 ቀን በኋላ ሕዋሱን አቅጥናችሁ ሰፊ ሳህን ላይ ዝሩና ጂ418 ጨምሩ፤ የሚገድለውን መጠን አስቀድማችሁ ባልተነካ ሕዋስ ላይ ወስኑ። 2 ሳምንት ሲሞላ በሜቲሊን ብሉ ቀልማችሁ ተርፈው የተራቡትን የሕዋስ ክምችቶች ቁጠሩ።

ለምን ከትንሽ መጠን ይጀመራል? ሲበዛ ማርም ይመራል፤ ስሊፒንግ ቢዩቲ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ያግዳል። በ500 ብቻ የለካ ሰው ብርቱውን ከደካማው በታች ሊያስቀምጥ ይችላል። ቆራጭ ማዕከሉ የተሰናከለ ሙት ኢንዛይም ጎን ለጎን ካልሞከራችሁ ደግሞ በአጋጣሚ የገባውን ዲኤንኤ ለኢንዛይሙ ትቆጥሩለታላችሁ። ለዚህ ሰበብ አልቀበልም።

መቁረጥና መትከልም ለየቅል ናቸው፤ ፒጊባክ ከተባለው ሌላ ትራንስፖዜዝ የሚቆርጥ ግን የማይተክል ዓይነት ተሠርቷል። በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) መቆረጡን ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ።

ቲ-ሕዋስ (በሽታ ተከላካይ የደም ሕዋስ) ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይከብዳል፤ ፕላስሚድ ይገድለዋል። ትራንስፖዜዙን በኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን በሚያሠራ ጊዜያዊ መልእክት) ስጡት፤ ቶሎ ስለሚጠፋ የተተከለውን መልሶ የመንቀል ዕድሉ ያንሳል። በ2019 የወጣው ኤችኤስኤስቢ የተባለ የስሊፒንግ ቢዩቲ ዓይነት በሁለት አሚኖ አሲድ ለውጥ መሟሟት ስለቻለ ፕሮቲኑን ራሱን በኤሌክትሮፖሬሽን (የሕዋሱን ሽፋን በኤሌክትሪክ በመክፈት) ማስገባት ተችሏል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው።

ቅጂ መቁጠርንም ለነገ አትበሉ። በአውስትራሊያ በፒጊባክ የተሠራ ካር-ቲ (ካንሰርን እንዲያጠቃ ጂን የተጨመረበት ቲ-ሕዋስ) ከወሰዱ 10 ታካሚዎች በ2ቱ ላይ ከተሰጠው ሕዋስ ሊምፎማ (የደም መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር) መነሣቱ በ2021 ታትሟል። በአንደኛው ዕጢ ብዙ ቅጂ፣ ከመግቢያ ቦታዎቹ ጋር የማይያያዝ የጂኖም መዛባትም ተገኝቷል። ስለዚህ በዲጂታል ፒሲአር በሕዋስ ስንት ቅጂ እንደገባ እዩ፤ ከበዛ መጀመሪያ የምትቀንሱት የትራንስፖዞኑን (የሚተከለውን ጂን የያዘውን) ዲኤንኤ ነው።