ቀለሙ ደርቋል ወይስ በስሏል? የቲሸርት አታሚዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም የሙያ ወዳጆች። ከ20 ዓመት በላይ ስክሪን (ቀለም የምናሳልፍበት፣ ፍሬም ላይ የተወጠረ መረብ) ላይ ቆሜያለሁ። ዛሬ ከሰዓት ነፃ ስለሆንኩ ጠይቁኝ። አደራ፣ የጨርቁንና የቀለሙን ዓይነት ሳትጽፉ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቲሸርቱ ሁለቴ ሲታጠብ ቀለሙ ተሰነጣጠቀ።

መልስ፦ አደራ ያልኩት ገና ከአፌ ሳይወጣ! ፕላስቲሶል (የፕላስቲክ ቀለም) ነው ብዬ ልያዘው። ፕላስቲሶል ሳምንት ብታሰጣው በራሱ አይደርቅም። ሙቀት ይፈልጋል። በጣትህ ነክተህ ካልያዘህ ደረቀ ትላለህ፣ ግን የበሰለው ላዩ ብቻ ነው። አብዛኛው ፕላስቲሶል እስከ ሥሩ 160 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። የሙቀት ፕሬሱ 160 ስላለህ ቀለሙ 160 ደርሷል ማለት አይደለም። ጨርቁ እርጥበት ካለው ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ውሃውን በማትነን ነው። ክረምት ላይ የሚብስብን ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ ሳብ አድርገው። እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጠቀ አልበሰለም። ከዚያ አንዱን እጠበው። ሳታጥብ ለደንበኛ አትስጥ።

ጥያቄ፦ የቱ ማሽን ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በቀን ለስንት? ለስንት ቀለም? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ጥጥ ላይ በፕላስቲሶል አማርኛ ሳትም የ«ሜ» እና የ«ቄ» ቀለበት ይደፈንብኛል።

መልስ፦ ተባረክ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የኃምስ ቀለበት ስንቱን ሥራ አበላሽቷል መሰለህ። እኛ በወረቀት ቀደን ስናትም ደግሞ መከራችን «መ» እና «ወ» ነበሩ። ዙሪያውን በምላጭ ስትቆርጠው መሃሉ ወልቆ ይወድቃል። በቀጭን ድልድይ ካላያያዝከው «መ» የነበረው ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ኢሙልሽን (መረቡ ላይ ተቀብቶ በብርሃን የሚጠነክር ቅባት) መጥቶ ገላገለን፤ መሃሉ መረቡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ወዳንተ ስንመጣ፣ 43 መረብ (በሴንቲሜትር 43 ክር) ለትልልቅ ጽሑፍ ነው። ለደቃቅ ፊደል 77 ሞክር። ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ስታትም ግን 77 ቀለም ያሳንስብሃል። ስክሪኑ ከጨርቁ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ከፍ ይበል። ስኩዊጂውን (ቀለም መግፊያውን ላስቲክ) አትጫነው፤ ሰው ሁሉ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ነው። ዲዛይነሩንም ቀለበቱ ሰፋ ያለ ፎንት ምረጥ በለው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ የዲዛይኑን ቅርጽ ስክሪን ላይ በፀሐይ ማውጣት ይቻላል? ስንት ደቂቃ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኛ በፀሐይ ነው ያደግነው። ፍሬሙን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ወደ ግቢ፣ መስታወቱን ጭነን፣ ጨርቁን ገፈፍ አድርገን መቁጠር ነው። ቁጥር ግን አልሰጥሽም። የጥር ፀሐይና የሐምሌ ፀሐይ አንድ አይደለም። አንድ ስክሪን ለሙከራ ሠዊ። በካርቶን ሸፍነሽ በየ10 ሰከንዱ ጥቂት ጥቂት ግለጪ። አጥበሽ የትኛው ጥርት ብሎ እንደወጣ እዪ። የኢሙልሽኑ ማጠንከሪያ ዳይክሮሜት የሚባለው ኬሚካል ከሆነ ጓንት አድርጊ። እኛ በባዶ እጃችን ነበር የምንበጠብጠው። ካንሰር አምጪ ነው፣ ቀልድ የለም።

አንድ ወዳጅ፦ ሚሊኒየሙ ትዝ አለኝ። 2000 ዓ.ም. ሲገባ ግቢው ሁሉ ቲሸርት የተሰጣበት ገመድ ነበር። እንቅልፍ የሚባል የለም!

ሌላው፦ አሁን ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ አትሞ በሙቀት ጨርቁ ላይ መለጠፍ) እያለ ማን ስክሪን ይወጥራል?

የመጀመሪያው፦ ዲቲኤፍማ ላስቲክ መለጠፍ ነው። ደረት ያልባል።

ሌላው፦ ለ5 ቲሸርት ለየቀለሙ አንድ እያልክ 4 ስክሪን ልታወጣ? ደንበኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል?

መልስ፦ ለ5 ልጁ ልክ ነው። ለ500 ሲሆን ና እናወራለን። በቃ፣ ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ቀይ ፖሊስተር ማሊያ ላይ ያተምኩት ነጭ ቁጥር አድሮ ሮዝ ሆነ።

መልስ፦ ፖሊስተር ሲሞቅ የራሱን ቀለም ይለቅና ወደ ነጩ ይወጣል። በዝቅተኛ ሙቀት የሚበስል ቀለም ግዛ፣ ከሥር ግራጫ ማገጃ አትም። መጀመሪያ አንዱን አትመህ አሳድረው። አሁንም እላለሁ፣ ሳታጥብ አትስጥ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቲሸርት ስንት ላስከፍል?

መልስ፦ የሰው ገበያ ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቀለሙ ሲታጠብ ይለቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጠያቂው፦ አንብቤያለሁ። የእኔ ግን የውሃ ቀለም ነው።

መልስ፦ ታዲያ ከመነሻው እንደሱ አትልም! መጀመሪያ ውሃው ተንኖ ይውጣ፣ ከዚያ በደንብ አሙቀው። ካውያ ብቻ ካለህ ንጹሕ ጨርቅ ደርብበት፣ እንፋሎቱን አጥፋ፣ አትቸኩል። ለመሆኑ ከማስረከብህ በፊት አንዱን አጥበሃል?

ጠያቂው፦ ኧረ አላጠብኩም። ያጠበው ደንበኛው ነው።