የሼክስፒር ተውኔትና ባሌት በሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልሞች፦ ጥያቄና መልስ

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በብሮድዌይ (በኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር) መድረክ የቀረበውን ሥራና በኋላ የተቀረጸውን ፊልም እባካችሁ አታደባልቁ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ይለያያሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ‹ሮሚዮና ዡልዬት›ን በከበደ ሚካኤል አማርኛ አንብቤዋለሁ። ‹ዌስት ሳይድ ስቶሪ› የተባለው ሙዚቃዊ ፊልም ከእርሱ የወሰደው ታሪኩን ብቻ ነውን?

መልስ፦ ታሪኩን ብቻ አይደለም። በተውኔቱ የሁለቱ ቤተሰቦች ጠብ የሚጀምረው በአሽከሮቻቸው የቃላት ንቁሪያ ነው፤ በ1961ዱ ፊልም ግን ጠቡን የሚነግረን እግር ነው። የጠበኞቹ ቡድኖች ወጣቶች ጣታቸውን እያጮሁ በኒውዮርክ ጎዳና ሲራመዱ አንዱ እርምጃውን ሳያቋርጥ ክንዱን ይዘረጋል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ አካሄዳቸው የትኛው እርምጃ ላይ ዳንስ እንደሆነ ለመለየት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የዳንሱ አቀናባሪ ጀሮም ሮቢንስ ከባሌት የመጣ ሰው ስለነበር የባሌትን ሥልጠና ሸራ ጫማ አጫምቶ አስፋልት ላይ አወጣው።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን የመልእክቱን ነገር ነው። በሼክስፒር ዘንድ ደብዳቤው ለሮሚዮ ሳይደርስ የሚቀረው መልእክተኛው በወረርሽኝ ፍርሃት ቤት ተዘግቶበት ነው፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። በፊልሙ አኒታ የማሪያን (የፊልሙን ዡልዬት) መልእክት ለቶኒ (ለፊልሙ ሮሚዮ) ይዛ ወደ ዶክ ሱቅ ትሄዳለች፤ የቶኒ ወገን ወጣቶች ፖርቶሪካዊት በመሆኗ ይሰድቧታል፣ ከበውም ይተናኮሏታል፣ ትንኮሳው ራሱ በሙዚቃ ምት የተቀናበረ ነው። እርሷም ተቃጥላ ‹ማሪያ ሞታለች› ብላቸው ትወጣለች። በወረርሽኙ ቦታ የገባው ጥላቻ ነው፤ ጥላቻ ደግሞ ባለቤት አለው።

ጥያቄ፦ ማሪያ ሆና የምትዘፍነው ናታሊ ዉድ ናት?

መልስ፦ አይደለችም። ድምፁ የማርኒ ኒክሰን ነው።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተሩስ ማን ነው?

መልስ፦ ሮበርት ዋይዝና ሮቢንስ። ሮቢንስ ቀረጻው ሳያልቅ ከሥራው ቢነሣም ኦስካሩን ሁለቱም ተጋርተዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ሙዚቃዊ ፊልም በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም። ፊልሙንና ትዕይንቱን ጠቅሰው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሼክስፒር የተወሰደ ሌላ አለ?

መልስ፦ ‹ኪስ ሚ ኬት› አለ፣ 1953። በእርሱ ውስጥ ዳንሰኛው ቦብ ፎሲ ከዳንሰኛዋ ካሮል ሄኒ ጋር የሚደንሰውን አጭር ክፍል ራሱ አቀናብሮታል፤ ለዚያ ብቻ እንኳ መታየት ይገባዋል። ‹ዘ ቦይስ ፍሮም ሲራክዩስ›ም አለ። በ1938 ለመድረክ ዳንሱን ያዘጋጀው ጆርጅ ባላንሺን ነው፤ የ1940ው ፊልም ሌላ ሥራ ነውና አታደባልቁ።

አንድ አባል፦ ‹አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ› በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ባሌት ግን ጌጥ ብቻ ነው፤ ቢወጣ ታሪኩ አይጎድልም።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ጄሪ የሚወዳትን ሊሳን ያጣት በመሰለው ሰዓት የሚመጣ ሐሳብ እኮ ነው!

አንድ አባል፦ 17 ደቂቃ ለአንድ ሐሳብ?

መልስ፦ ከጥያቄያችን ወጥታችኋል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ተናጋሪ ትክክል ነው። ሐምሌት ብቻውን ቆሞ በግጥም የሚናገረውን፣ ጂን ኬሊ የሚጫወተው ጄሪ በባሌት ይናገረዋል። ባሌቱን ማውጣት ያንን ንግግር ከተውኔቱ እንደ ማውጣት ነው። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ‹ሰምዌር› ከሚባለው ዘፈን ጋር የሚሄደውን ባሌት በ‹ዌስት ሳይድ ስቶሪ› ፊልም ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?

መልስ፦ ከመነሻው ያሳሰብኩት ስለዚህ ነበር። ባሌቱ ያለው በ1957ቱ መድረክ ላይ ነው፤ በፊልሙ ቶኒና ማሪያ ክፍል ውስጥ ሆነው ዘፈኑን ብቻ ይዘፍኑታል። መቅረቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በመድረኩ ላይ ጠበኞቹ ወገኖች በሕልም አብረው ይደንሳሉ፤ በታሪኩ ሁሉ እንዲህ በሰላም የሚገናኙት እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ሕልሙ ወደ ቅዠት ይለወጥና የቢላዋው ፍልሚያ እንደገና ይመጣል።