አሃዝና ቁጥር ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦ ልጄን የቤት ሥራ ሳስጠና «ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አየሁ። እኔ የማውቀው «ባለ ሦስት ቁጥር» ሲባል ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም ወይ? ቢለያዩስ ልጁ አንዱን በሌላው ቦታ ቢጠቀም ምን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ጉዳቱም ገና በአንደኛ ደረጃ ባይታይ አልጀብራ ሲጀመር መታየቱ አይቀርም።

ቁጥር ብዛትን ወይም መጠንን ይነግረናል፤ አሃዝ ደግሞ ያንን ብዛት የምንጽፍበት ምልክት ነው። ፊደል ለቃል እንደሆነው ሁሉ አሃዝም ለቁጥር እንደዚያው ነው። በዛሬው አጻጻፍ አሃዞች ከ0 እስከ 9 ያሉት 10ሩ ብቻ ናቸው፤ ቁጥሮች ግን ማለቂያ የላቸውም። ሰው የሚያደናግረው 5ን በመሰሉት ላይ ነው፤ 5 አሃዝም ቁጥርም ነውና። «ና» አንድ ፊደል ሆኖ ሳለ ራሱን የቻለ ቃል እንደሚሆነው ማለት ነው።

ልዩነቱን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የራሳችን የግዕዝ አጻጻፍ ይመስለናል። የግዕዝ አሃዞች 20 ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ 9፣ ከ፲ እስከ ፺ 9፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ዜሮ የለም። መቶን በ፻ ብቻ እንጽፋለን፤ በዛሬው አጻጻፍ ግን 100 ብለን ሦስት አሃዝ እንደረድራለን። በተቃራኒው 345 ሦስት አሃዝ ሲሆን ፫፻፵፭ አራት ነው። ብዛቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጻጻፉ ብቻ ነው። ስለዚህ «ባለ ሦስት አሃዝ» ማለት ስለ ቁጥሩ አጻጻፍ መናገር ነው። «ባለ ሦስት ቁጥር» ያልን እንደሆነ ግን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያሉት ነገር፣ ለምሳሌ 12፣ 40 እና 7 የተጻፉበት ወረቀት፣ ሊመስል ይችላል።

ተማሪ የሚሳሳትባቸውን ሦስት ቦታዎች እንጥቀስ። የመጀመሪያው ድምር ነው። «የ48 እና የ25 ድምር» 73 ነው፤ «የ48 እና የ25 አሃዞች ድምር» ግን 4+8+2+5፣ ማለትም 19 ነው። አንድ ቁጥር ለ9 ያለ ቀሪ መካፈሉን የምንፈትነውም በአሃዞቹ ድምር ነው፤ 4,707ን ብንወስድ 4+7+0+7 = 18፣ 18 ለ9 ስለሚካፈል 4,707ም ይካፈላል፤ ድርሻው 523 ነው። እዚሁ ላይ ልብ ይበሉ፦ አሃዙ 7 ሁለት ጊዜ ቢመጣም፣ በመቶ ቤት ያለው 700ን፣ በአንድ ቤት ያለው 7ን ብቻ ይወክላል።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮች ከ10 እስከ 99 ስንት ናቸው ሲባል ብዙዎች 99 − 10 = 89 ይላሉ። መቀነሱ 10ን ራሱን ስለሚያስቀር አንድ ይጎድላል፤ ትክክሉ 90 ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «የአንድ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አሃዞች ድምር 9 ነው፤ አሃዞቹ ቦታ ሲለዋወጡ ቁጥሩ በ27 ይጨምራል። ቁጥሩ ስንት ነው?» በአስር ቤት ያለውን ሀ፣ በአንድ ቤት ያለውን ለ ካልን፣ አሃዝን ከቁጥር ያልለየ ተማሪ ቁጥሩን «ሀለ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ በአልጀብራ ሀ ሲባዛ በለ ማለት ነው፤ ስሌቱ እዚያው ይበላሻል። ቁጥሩ 10ሀ + ለ ነው። ሲገላበጥ 10ለ + ሀ ይሆናል፤ ልዩነታቸው 9(ለ − ሀ) = 27፣ ስለዚህ ለ − ሀ = 3። ድምራቸው 9 ስለሆነ ሀ 3፣ ለ 6 ይሆናሉ። ቁጥሩ 36 ነው፤ ሲገላበጥ 63።

ጥያቄ፦ ታዲያ የስልክ ቁጥር «ቁጥር» የተባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልማድ ነው፤ ስሙንም መቀየር አያስፈልግም። ጠባዩ ግን የአሃዞች ሰንሰለት ነው፤ የሁለት ሰዎችን ስልክ ብንደምር የምናገኘው ነገር የለም። ይህን ኤክሴል ላይ የረሳ ሰው መረጃ ያጠፋል። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን እንደ ቁጥር ስለሚወስድ ከፊት ያለውን 0 ይጥለዋል፤ ለብዛት ከፊት የቆመ ዜሮ ዋጋ የለውምና። በተጨማሪም የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የባለ 16 አሃዝ ካርድ ቁጥር መጨረሻ ወደ 0 ይለወጣል። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ዓይነት መቀየር፣ ወይም ከአሃዞቹ ፊት ነጠላ ጥቅስ ማስቀደም ነው። ከጻፉ በኋላ መቀየር የጠፋውን አይመልስም።

ጥያቄ፦ «ባለ ሁለት አሃዝ ዕድገት» ሲባልስ?

መልስ፦ ከነጥቡ በፊት ያሉት አሃዞች ሁለት ናቸው ማለት ነው፤ ከ10 በመቶ ጀምሮ 100 እስኪደርስ። 9.9 አይገባም፣ 10.1 ይገባል፤ በመካከላቸው ያለው ግን 0.2 ብቻ ነው። ስለዚህ ዜና ሲያነቡ አሃዙ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይፈልጉ።